ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የህዋ ደመናን ካርቦን መለካት

የምንለካው አንድ ቁጥር ነው። በፀሐያችን አካባቢ ባለ የጋዝ ደመና ውስጥ ለአንድ ካርቦን 13 ስንት ካርቦን 12 አለ? መልሱ 70 አካባቢ እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል። የሌላ ሰው መልስ ማንበብና ራስ ለክቶ ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው። ይህን ልኬት መሐል ሜዳ ያለ የፊዚክስ መምህር ወይም ደብረ ብርሃን ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሠራው ይችላል። መረጃው ነፃ ነው፤ ሶፍትዌሩም ነፃ ነው። ላፕቶፕ፣ ትንሽ የፓይተን ችሎታና ትዕግሥት ካላችሁ ይበቃል።

ካርቦን 14 እንዳይመስላችሁ። የብራና መጻሕፍትን ዕድሜ ለማወቅ የሚጠቀሙበት እሱ ነው፤ እየፈረሰ የሚሄድ ካርቦን ነው። 12 እና 13 ግን አይፈርሱም። ልዩነታቸው አንድ ኒውትሮን ብቻ ነው። በምድር ላይ፣ በእኛም ሰውነት ውስጥ፣ ለአንድ ካርቦን 13 ወደ 89 ካርቦን 12 ይገኛል። ይህ ፀሐይና ፕላኔቶቿ ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከተሠሩበት ጋዝ የወረስነው ነው። ዛሬ በአካባቢያችን ባለው ጋዝ ውስጥ ቁጥሩ ወደ 70 ወርዷል። በፍኖተ ሐሊብ እምብርት ደግሞ ከ20 እስከ 25 ነው። ካርቦን 13 በብዛት የሚመጣው ቀስ ብለው ከሚያረጁ መካከለኛ ኮከቦች ስለሆነ፣ ጊዜ በሄደ ቁጥር ድርሻው ያድጋል። ቁጥሩ ጋዙ ስንት ትውልድ ኮከብ እንዳለፈበት ይናገራል።

ሞለኪውሉን መምረጥ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ካርቦን ሞኖክሳይድን ነው። በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ተራው 115.27 ጊጋኸርትዝ ላይ፣ ካርቦን 13 ያለበት 110.20 ጊጋኸርትዝ ላይ ይገኛል። ሁለቱን ለክቶ ማካፈል ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። አንደኛ፣ ደመናው ለተራው መስመር (መስመር ማለት ሞለኪውሉ በራሱ የሞገድ ርዝመት ላይ የሚተወው ምልክት ነው) እንደ ጉም ስለሚሆን፣ ከደመናው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ኬሚስትሪው ራሱ ያዳላል። በቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ካርቦን 13 ወደ ሞኖክሳይዱ መግባት ይቀናዋል፤ በዚህ ልውውጥ የሚገኘው ጉልበት በሙቀት ሲገለጽ 35 ኬልቪን ያህል ነው። የኮከብ ብርሃን በሚደርስበት ጠርዝ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ብዛት ያለው ሞለኪውል ራሱን ከብርሃኑ ሲከልል፣ ብርቅየው ይሰባበራል። ስለዚህ በሞኖክሳይድ ያገኛችሁት ቁጥር የካርቦኑ ነው ወይስ የኬሚስትሪው? መለየት ያስቸግራል።

እኔ የምመክረው ሲኤች ፕላስን ነው። አንድ ካርቦንና አንድ ሃይድሮጅን ሆኖ ኤሌክትሮን የጎደለው ሞለኪውል ማለት ነው። መስመሮቹ በ1937 እ.ኤ.አ. ታዩ፤ ማንነታቸውን ደግሞ ዳግላስና ሄርዝበርግ በ1941 አረጋገጡ። ይህ ሞለኪውል ከካርቦን አዮንና ከሃይድሮጅን ሞለኪውል እንዲሠራ 4,640 ኬልቪን የሚያክል ጉልበት ይፈልጋል። በዚያ ጉልበት ፊት የ35 ኬልቪን አድልዎ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ካርቦን 12ና 13 ወደዚህ ሞለኪውል የሚገቡት በደመናው ውስጥ ባላቸው ድርሻ ልክ ነው። ሌላው ጥቅሙ፣ መስመሮቹ ያሉት በሚታየው ብርሃን ሐምራዊ ጫፍ ላይ ነው። ከምድር ይለካሉ፤ ሳተላይት አያስፈልግም።

ኮከቡ

የምንጠቀምበት ኮከብ ዜታ ኦፊዩኪ ይባላል። በዓይን ይታያል። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ሰማይ ጠርቶ ካገኛችሁ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ። የዐቅራብ ልብ የሆነውን፣ ቀላ ያለውን አንታሬስን ፈልጉ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከአንታሬስ ሽቅብ ስንዝር ለማይሞላ ርቀት ውጡ። እዚያ ያለው ነጣ ያለ ኮከብ እሱ ነው። ከሰሜን ሸዋ ሲታይ ከአድማስ 70 ዲግሪ ያህል ይወጣል። ጣርማ በርም ሆነ ጓሳ ላይ ጉም ካልያዘው አይጠፋችሁም። ለልኬቱ ኮከቡን ማየት ግድ አይደለም። ግን ከመረጃው በፊት ኮከቡን በዓይን ማወቅ ለሥራው ፍቅር ያሳድራል፤ ብርዱን ችላችሁ አንዴ ውጡ።

ርቀቱ 400 የብርሃን ዓመት አካባቢ ነው። በእኛና በእሱ መካከል የምንፈልገው ደመና አለ። ደመናው በዓይን አይታይም፤ ግን የኮከቡ ብርሃን ሲያልፍበት የተወሰኑ ቀለማትን ውጦ ያስቀራል። ዜታ ኦፊዩኪ ለዚህ ሥራ የተመረጠው ብሩህ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በሰከንድ 400 ኪሎሜትር ገደማ ፍጥነት ይሽከረከራል። በዚህ ምክንያት የራሱ መስመሮች ተለጥጠው ሰፋፊ ሆነዋል። የደመናው መስመሮች ቀጫጭን ናቸው። ስለዚህ የኮከቡ የቱ፣ የደመናው የቱ እንደሆነ ሳትቸገሩ ትለያላችሁ። ሌላ ኮከብ ስትመርጡም መጀመሪያ የመሽከርከር ፍጥነቱን እዩ።

መረጃውን ማውረድ

ከእኛ የሚቀርቡት ቴሌስኮፖች እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር መስታወት ናቸው። ዛሬ የምንጠቀመው ግን ቺሌ፣ ፓራናል ተራራ ላይ ያለውን ባለ 8.2 ሜትር ቴሌስኮፕ ነው። እዚያ ያለው ዩቬስ የተባለ መሣሪያ ብርሃንን እጅግ አድርጎ ይበትናል። ባለቤቱ የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ መረጃውን በነፃ መዝገብ አስቀምጦታል። ተመዝግባችሁ ግቡ። ኮከቡን «ኤችዲ 149757» በሚለው የካታሎግ ስሙ ፈልጉ። መሣሪያውን ዩቬስ በሉ። የሞገድ ርዝመቱ ከ3950 እስከ 4240 አንግስትሮም (አንዱ የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) ያለውን የሚሸፍን ይሁን፤ 390 ወይም 437 የሚባሉት የመሣሪያው አቀማመጦች ሁለቱም ይሸፍናሉ። የመለየት አቅሙ ከ70,000 በታች የሆነውን ተዉት። ጥሬውን ሳይሆን ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ስፔክትረም፣ ማለትም በሞገድ ርዝመት የተዘረጋውን ብርሃን፣ አውርዱ። ፋይሎቹ ፊትስ በሚባል ዓይነት የተቀመጡ ናቸው፤ አስትሮፓይ የተባለው የፓይተን ጥቅል ይከፍታቸዋል። ኔትወርክ በሚሻልበት ሌሊት አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ኮፒ አስቀምጡ። መብራት ሲጠፋ ከዜሮ እንዳትጀምሩ እያንዳንዱን ደረጃ ሴቭ አድርጉ።

አንድ ፋይል አይበቃም። በተለያዩ ወራት የተነሱትን ሁሉ ሰብስቡ። ምክንያቱን ቀጥሎ እናየዋለን።

ፋይሎቹን አንድ ላይ ማምጣት

ሁለት ነገር ሳታረጋግጡ ወደ ፊት አትሂዱ። አንደኛው፣ የሞገድ ርዝመቱ በአየር ነው ወይስ በባዶ ህዋ? በዚህ አካባቢ ልዩነቱ 1.2 አንግስትሮም ያህል ነው። የምንፈልገው የካርቦን 13 መስመር ከጎረቤቱ ከካርቦን 12 መስመር የሚርቀው በሩብ አንግስትሮም ስለሆነ፣ ይህን ያላየ ሰው ባዶ ቦታ ላይ ሲፈልግ ይውላል። እኔ እዚህ የምሰጣችሁ ቁጥሮች ሁሉ በአየር ናቸው። ሁለተኛው፣ ምድር ፀሐይን ስትዞር በሰከንድ 30 ኪሎሜትር ትሮጣለች። ግማሹን ዓመት ወደ ኮከቡ ትቀርባለች፣ ግማሹን ከኮከቡ ትሸሻለች፤ ይህ ፍጥነት የመስመሮቹን የሞገድ ርዝመት ያንቀሳቅሳል። ይህ እርማት ተሠርቶ እንደሆነ የፋይሉ ራስጌ ላይ ተጽፏል። ካልተሠራ አስትሮፓይ ያሰላላችኋል።

በተለያዩ ወራት የተነሱ ፋይሎች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። መሣሪያው ላይ ያለ ትንሽ ጉድለት ሁልጊዜ አንድ ፒክስል ላይ ይቀመጣል። የምድር ፍጥነት ሲታረም ግን ጉድለቱ በየፋይሉ ሌላ ሌላ ቦታ ይወድቃል። የደመናው መስመር ባለበት ይቆያል። ስትደምሩ መስመሩ ይጠነክራል፤ ጉድለቱ ይሳሳል።

የዜታ ኦፊዩኪ ደመና በሰከንድ 15 ኪሎሜትር ያህል ወደ እኛ ይመጣል። ስለዚህ በቤተ ሙከራ 4232.55 ላይ ያለው ጠንካራው የሲኤች ፕላስ መስመር (የካርቦን 12ቱ) እናንተ ጋ 4232.34 አካባቢ ይታያል። እዚያ ካገኛችሁት እርማቱ ደህና ነው።

ኮንቲኒዩሙን መዘርጋት

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ኮንቲኒዩም ማለት ደመናው ባይኖር ኖሮ የኮከቡ ብርሃን የሚኖረው ከፍታ ነው። መስመሩ ምን ያህል እንደጎደለ የምናውቀው ከዚህ ከፍታ ተነስተን ነው።

ቁጥሩን እንየው። ጠንካራው መስመር ብርሃኑን በሩብ ያህል ያጎድለዋል። ዓይን ያየዋል። ካርቦን 13 ያለበት ደካማው መስመር ግን የሚያጎድለው 0.4 በመቶ ብቻ ነው። አቻ ስፋቱ 0.36 ሚሊአንግስትሮም ገደማ ነው እንበል። አቻ ስፋት ማለት ከኮንቲኒዩሙ በታች የጎደለው ቦታ ስፋት ነው። አሁን ኮንቲኒዩማችሁ በ0.1 በመቶ ብቻ ከፍ ቢል፣ በ0.15 አንግስትሮም ውስጥ ስትደምሩት 0.15 ሚሊአንግስትሮም ይጨመራል። የምትለኩት ነገር ግማሽ ሊያክል ምን ቀረው! የመንዝ ግንበኛ ድንጋይ ከመደርደሩ በፊት ክሩን እንደሚወጥረው ነው፤ ክሩ ከላላ የድንጋዩ ጥራት ግንቡን አያቀናውም።

እንዲህ አድርጉ። ከጠንካራው መስመር ግራና ቀኝ 2 አንግስትሮም ያህል ቁረጡ። ጠንካራውን መስመር ሸፍኑ። ደካማው ይኖርበታል ብላችሁ የምትጠብቁትንም ቦታ ሸፍኑ፤ ብዙዎች ይህን ይረሱታል። ኮንቲኒዩሙ ደካማውን መስመር ካየ ወደ እሱ ዝቅ ብሎ ይውጠዋል። በቀረው ላይ ዝቅተኛ ዲግሪ ያለው ፖሊኖሚያል ግጠሙ፤ 2 ወይም 3 ይበቃል። ዲግሪውን ከፍ ማድረግ ያጓጓል፤ ኩርባው ያምራል፤ ግን ጫጫታውን ሁሉ እየተከተለ ይንከራተታል። ከዚያ ዲግሪውንም፣ የተሸፈነውንም ስፋት ትንሽ ትንሽ እየቀየራችሁ ድገሙት። መልሱ የሚዋዥቀው በምን ያህል ነው? ያ መዋዠቅ የስህተታችሁ አንድ ክፍል ነው፤ ጻፉት።

ደካማውን መስመር መፈለግ

ካርቦን 13 ከበድ ስለሚል የሞለኪውሉ ንዝረት ይለወጣል፤ መስመሩም ቦታ ይቀይራል። በ4232 አካባቢ ደካማው መስመር ከጠንካራው ወደ ሰማያዊው (ወደ ግራ) 0.265 አንግስትሮም ይርቃል። በፍጥነት ሲቆጠር 19 ኪሎሜትር በሰከንድ ነው። ሲኤች ፕላስ ሌላ መስመርም አለው፤ 3957.69 ላይ። እዚያ ደግሞ ደካማው የሚገኘው በተቃራኒው፣ ወደ ቀዩ (ወደ ቀኝ) ነው። ርቀቱ 0.44 አንግስትሮም፣ ማለትም 33 ኪሎሜትር በሰከንድ።

ይህ ተቃራኒነት ትልቅ ዕድል ነው። አንድ ተማሪ ከመዝገቡ የመረጠውን ሌላ ኮከብ ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ አገኘኋት!» አለ። እውነትም በ4232 መስመር በስተግራ፣ ልክ በሚጠበቅበት ቦታ ጥሩ ጉድጓድ ነበረች። «3957ን ክፈተው» አልኩት። ከፈተው። ጉድጓዷ እዚያም በስተግራ ናት፤ ያውም በዚያው 19 ኪሎሜትር። በስተቀኝ ምንም የለም። ያገኘው ካርቦን 13 ሳይሆን በሌላ ፍጥነት የሚሄድ ሁለተኛ ትንሽ ደመና ነበር። በተራው ካርቦን 12 የተሞላ ደመና። 4232ን ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ 30 የሚል መልስ ጽፎ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ በአንዱ በግራ፣ በሌላው በቀኝ ካልታየ አትመኑት። ሁለቱንም ስፔክትረሞች በሞገድ ርዝመት ሳይሆን በፍጥነት አስቀምጡና አንዱን ከሌላው በላይ ሳሉ። እውነተኛ ደመና ሁለቱም ላይ አንድ ቦታ ይሰለፋል። የካርቦን 13ቱ መስመር ግን ቦታው ይለያያል። የ3957 መስመር ከ4232ቱ በግማሽ ያህል ይደክማል፤ አጠገቡ 3970 ላይ የኮከቡ ሰፊ የሃይድሮጅን መስመር ስላለ ኮንቲኒዩሙም ሊያዘቀዝቅ ይችላል። ቢሆንም አትዝለሉት።

መለካት

ደካማውን መስመር ለብቻው ግጠሙት አልልም፤ ጫጫታው ቅርጹን ያዛባዋል። የተሻለው ዘዴ የጠንካራውን ቅርጽ መበደር ነው። ሁለቱ ሞለኪውሎች ያሉት በአንድ ደመና ውስጥ ስለሆነ ቅርጻቸው አንድ ነው። የቀረውን ብርሃን በኮንቲኒዩሙ አካፍሉ፤ ከዚያ የሎጋሪዝሙን ኔጋቲቭ ውሰዱ። የጠንካራውን ቅርጽ በ19 ኪሎሜትር ወደ ግራ አንቀሳቅሱ። ለአንድ ቁጥር አካፍሉት። ከመረጃው ጋር አስተያዩ። ቁጥሩን ከ30 እስከ 150 እየቀየራችሁ ልዩነቱ ትንሹ የሚሆንበትን ፈልጉ። ናምፓይ በተባለው የፓይተን ጥቅል ከ20 መስመር ኮድ አይበልጥም። ለ3957ም በ33 ኪሎሜትር ወደ ቀኝ ድገሙት።

አቻ ስፋቶቹን በቀጥታ ለማካፈል የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ጠንካራው መስመር ጥቂት ጠግቧል። ሞለኪውል ቢጨመርበትም በዚያው ልክ አይጠልቅም። ደካማው ግን ገና ነው። ለምሳሌ ያህል ጠንካራው 23፣ ደካማው 0.36 ሚሊአንግስትሮም ቢሆን፣ ማካፈሉ 64 ይሰጣል። ጥጋቡ ሲታረም ጠንካራው በ14 በመቶ ያህል ያድጋል፤ መልሱ 73 ይሆናል። መጥገቡን በምን ታውቃላችሁ? ሁለቱን ጠንካራ መስመሮች አስተያዩ። ጥጋብ ባይኖር የ3957ቱ አቻ ስፋት የ4232ቱ 0.53 እጅ መሆን ነበረበት። 0.56 ካገኛችሁ፣ 4232 ጠግቧል ማለት ነው።

የደመናውን ይዘት ማወቅ ለሚፈልግ፣ የ4232ን አቻ ስፋት በአንግስትሮም አድርጎ በ1.13 × 10²⁰ ያባዛ፤ ከዚያ ለ0.00545 (የመስመሩን ጥንካሬ የሚገልጽ ቁጥር) እና በአንግስትሮም ለተለካው የሞገድ ርዝመት ካሬ ብዜት ያካፍል። ከ23 ሚሊአንግስትሮም 2.7 × 10¹³ ይወጣል። ጥጋቡ ሳይታረም፣ ከእኛ እስከ ኮከቡ በተዘረጋ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው ምሰሶ ውስጥ ያለው የሲኤች ፕላስ ብዛት ይህን ያህል ነው።

ስህተቱን ማስላት

ያለ ስህተት መጠን የተጻፈ 70 ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የስፔክትረሙን የጥራት ቁጥር ለኩ፦ ባዶ ቦታ ላይ አማካይ ብርሃኑን በመዋዠቁ አካፍሉ። የአቻ ስፋቱ ስህተት በግምት እንዲህ ይሰላል፦ የመስመሩን ስፋትና የአንድ ፒክስልን ስፋት አባዙ፣ ዳግም ዘሩን ውሰዱ፣ በ1.06 አባዙ፣ ለጥራት ቁጥሩ አካፍሉ። መስመሩ 0.085፣ ፒክስሉ 0.02 አንግስትሮም ቢሆን፣ ጥራቱ 500 ሲሆን ስህተቱ 0.09 ሚሊአንግስትሮም ነው። የ0.36 ሩብ! ጥራቱ 1,000 ሲሆን 12 በመቶ፣ 2,000 ሲሆን 6 በመቶ ይሆናል። ጥራት የሚያድገው በፋይሎቹ ብዛት ዳግም ዘር ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው 300 የሆኑ 16 ፋይሎች ተደምረው 1,200 ይሰጣሉ። ቅድም ሁሉንም ሰብስቡ ያልኩት ለዚህም ነው።

ከሒሳቡ በላይ እኔ የማምነው ግን የሐሰት መስመር ፈተናን ነው። ምንም መስመር የሌለበት ቦታ ላይ፣ ሬሾው 70 የሆነ ሰው ሠራሽ ደካማ መስመር ክተቱ። ኮዳችሁን ሳትነኩ አስኪዱት። 70ን መልሶ ያመጣል? ቦታውን እየቀያየራችሁ ብዙ ጊዜ ድገሙት። መልሶቹ የተበተኑበት ስፋት እውነተኛው ስህተታችሁ ነው። ባዶ ቦታ ላይ መስመር ሳትከቱም አስኪዱት። «አገኘሁ» የሚል ከሆነ ኮንቲኒዩሙ ላይ ችግር አለ፤ ወደዚያ ተመለሱ።

ውጤቱን ከሌሎች ጋር ማስተያየት

ይህን የምታደርጉት ቁጥራችሁንና ስህተቱን ከጻፋችሁ በኋላ ይሁን። የሚጠበቀውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ኮንቲኒዩሙን ሳያውቀው ወደዚያ ይጎትተዋል። በ1987 ሆኪንስና ጁራ ዜታ ኦፊዩኪን ጨምሮ ጥቂት ኮከቦችን አይተው 43 ± 4 አሉ። በ1991 ክሬን፣ ሄጊና ላምበርት ዜታ ኦፊዩኪ ላይ 67.6 ± 4.5 አገኙ። በ2011 ሪቺ፣ ፌደርማንና ላምበርት ብዙ ኮከቦችን አይተው አማካዩን 74.4 ± 7.6 አደረሱት። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ከ60 እስከ 85 ውስጥ ከሆናችሁና የስህተት መጠናችሁ በሐሰት መስመር ከተፈተነ፣ ልኬታችሁ ጤነኛ ነው። 40 ውስጥ ከወደቃችሁ በግራ በኩል የተደበቀ ሁለተኛ ደመና ካለ ደግማችሁ 3957ን እዩ። ከ120 በላይ ከሆነ ኮንቲኒዩሙ ደካማውን መስመር ውጦት እንደሆነ መርምሩ።

ዜታ ኦፊዩኪ ከሠራ በኋላ ወደ ሌላ ኮከብ ሂዱ። ኢዲብልስ የተባለው በ2014 የተጀመረ ቅኝት ከ100 በላይ ኮከቦችን በዚያው ዩቬስ አንስቷል፤ መዝገቡ ውስጥ ይገኛሉ። ስትመርጡ የጠንካራው መስመር አቻ ስፋት ቢያንስ 15 ሚሊአንግስትሮም ይሁን። ከዚያ በታች ከሆነ ደካማው ከጫጫታው በላይ ብቅ እንዲል የሚያስፈልገው ጥራት እጅግ ይበዛል። መስመሩ አንድና ያልተከፋፈለ መሆኑንም 4300.31 ላይ ካለው የሲኤች መስመር ጋር አስተያይታችሁ ተመልከቱ። ለእያንዳንዱ ኮከብ የተጠቀማችሁበትን የፋይል ስም፣ የፖሊኖሚያል ዲግሪ፣ የሸፈናችሁትን ቦታና የሐሰት መስመር ፈተናውን ውጤት መዝግቡ። ሌላው ሰው ያንኑ ፋይል አውርዶ ያንኑ ቁጥር ማግኘት አለበት።